የጋሽ ይጨርስ ክፍል

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩ ላይ ሲቆም፣ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ሰማንያ አራትን ለሰባት እያካፈለ ነበር። ልጁ በአንድ እጁ ጠመኔውን ይዞ የሌላውን እጁን ጣቶች ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። መምህርቷ ዘበኛውን ገረፍ አድርጋ አየችው። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። በሥራ ሰዓት ያለ ባርኔጣ አይታው አታውቅም። ልጁን እንዳያቋርጡት ሁለቱም ጠበቁ። ልጁ በመጨረሻ «አሥራ ሁለት» ብሎ ጠመኔውን አስቀመጠ። ልክ መሆኑን ነግራው፣ እስኪቀመጥ ጠብቃ ወደ በሩ ሄደች።

«አባትሽ ናቸው» አላት ዘበኛው።

ለደም ግፊታቸው ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ሲጠብቁ ቆይተው፣ ነርሷ ስማቸውን ብትጠራ ብትጠራ አልተነሡም። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እናቷ ጋ ማን እንዳለ ጠየቀችው፤ ጎረቤቶች እንዳሉ ነገራት።

ተመልሳ ገባች። ለልጆች ሰበብ መፍጠር ቀላል ነው፤ ራሴን አመመኝ ማለት ይበቃል። እሷ ግን አባቷ መሞታቸውን፣ አሁኑኑ ልትሄድ መሆኑን፣ የጎን ክፍል መምህርት እንደምትመጣላቸው በግልጽ ነገረቻቸው። ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጋሽ ይጨርስ ናቸው የሞቱት?»

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው።»

ያን ስም ማንም ተማሪ ፊት ለፊቷ ጠርቶት አያውቅም ነበር። ቅር አላላትም።

አባትየው በዚሁ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍልን ሒሳብ ሲያስተምሩ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቀው ገንዘብ ቤቱ ብቻ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም፤ ተማሪው፣ ሰፈሩ፣ የታክሲ ረዳቱ ሳይቀር ጋሽ ይጨርስ ነው የሚላቸው። ስሙ የወጣላቸው ከራሳቸው አፍ ነው። አንድ ተማሪ ለመመለስ ተነሥቶ ሲንተባተብና ሌሎቹ ጣታቸውን እያጮሁ «እኔ ቲቸር፣ እኔ ቲቸር» ሲሉ፣ መዳፋቸውን ወደ ክፍሉ ዘርግተው «ይጨርስ» ይሉ ነበር። ድምፃቸው ከፍ አይልም። መልሱ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የተሳሳተ መሆኑ ቢታወቅ እንኳ ይጠብቃሉ። ስሕተቱም ቢሆን የራሱ ነው፣ ይጨርሰው ባይ ነበሩ። ልጁ ከጨረሰ በኋላ ነው የት ላይ መንገድ እንደሳተ አብረውት የሚፈልጉት።

በመምህራን ስብሰባም ያው ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ንግግር ሲያረዝም ሌላው ሰዓቱን ያያል፣ ሌላው ያዛጋል፤ እሳቸው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። የስፖርት መምህሩ የዚያ ሰውዬ ንግግር እንዴት እንደሚያልቅ የሚያውቀው ጋሽ ይጨርስ ብቻ ነው፣ አንድ ቀን ይነግረን ይሆናል እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ለስላሳ ሰው ነበሩ ማለት ግን አይደለም። የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣ ተማሪ ዘንድ ሄደው አጠገቡ ይቆማሉ። አይመቱም፣ አይሳደቡም፤ ምክንያቱን በራሱ አንደበት እስኪናገር ዝም ብለው ይቆማሉ። ልጆቹ ኧረ ቢመቱን ይሻለን ነበር እያሉ ያማርሩ ነበር። የክፍሉ አለቃ «የሚረብሹ» ብሎ የጓደኞቹን ስም ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ሲጠብቃቸው፣ ሳያነቡ በዳስተር ያጠፉታል። የፈተና ወረቀት ሲመልሱ በየዴስኩ እየዞሩ ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ወላጅ ሲያስጠሩ ሦስት ወንበር ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ለተማሪው ነው። አንድ አባት ልጁ ይውጣና ለብቻችን እናውራ ቢላቸው፣ የምናወራው ስለሱ አይደለም ወይ፣ እሱ ከወጣ ስለ ማን ልናወራ ነው ብለው መለሱለት። ይህን ሁሉ ለምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ ረጅም ትንታኔ አልነበራቸውም።

«ልጅ ማለት ቁመት ብቻ የቀረው ሰው ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምሩት የለም።

ልጃቸው በዚህ ደንብ ቤት ውስጥ አድጋለች። ከትምህርት ቤት መጥታ የዋለችበትን ስትተርክ፣ ከጠዋቱ ሰልፍ ጀምራ እያንዳንዱን ነገር ብትዘረዝርም አባቷ እስክትጨርስ ወደ ማዕድ አይቀርቡም። እናቷ ናት የምትቸገረው። «ሰውዬ፣ እሷ ገና ሰልፍ ላይ ናት፣ ድስቱ ግን አረረ» ትላለች። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ጋሽ ይጨርስ ሚስታቸውን ያቋርጧት ነበር። ገና አፏን ስትከፍት ዓረፍተ ነገሩን እሳቸው ይጨርሱላታል፤ ብዙ ጊዜም ይሳሳታሉ። እናትየው ትዕግሥትህን እዚያው ክፍል አራግፈኸው ነው የምትመጣው እያለች ስትስቅባቸው፣ እሳቸውም ይስቃሉ፤ በማግስቱ ግን ደግመው ያቋርጧታል።

ልጅቱ ሰባተኛ ክፍል ስትደርስ ዕጣዋ ሆኖ የአባቷ ክፍል ገባች። በዚያ ዓመት የክፍል ኃላፊ ሆነው ሲመደቡ የመጀመሪያቸው ነበር። የክፍል ኃላፊ ደግሞ ሌላው መምህር የሌለበት አንድ ግዴታ አለበት። በትምህርት መዝጊያ ቀን ወላጆች ግቢው ውስጥ በተደረደሩ ወንበሮች ይቀመጣሉ፤ የየክፍሉ ኃላፊ ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ ተማሪዎቹን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በየደረጃቸው ይጠራል። እስከ አሥረኛው ድረስ ይጨበጨባል። መሐል ላይ ሰው ወሬውን ይጀምራል። ወደ መጨረሻው ሲቀርብ ጸጥታው ተመልሶ ይመጣል፤ ልጆች እርስ በርስ ይጎሻሸማሉ፣ የመጨረሻው ስም ሲጠራ አግዳሚውን እንደ ከበሮ የሚደበድቡ አይጠፉም። ልጆቻቸው ከታች መሆናቸውን የሚያውቁ እናቶች ያንን ላለመስማት ከበሩ አጠገብ ይቀመጡ ነበር።

ጋሽ ይጨርስ ከመዝጊያው ቀን በፊት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። ይህን ንግግር ልጃቸው የሰማችው ከዓመታት በኋላ ከራሱ ከርዕሰ መምህሩ ነው። ደረጃ እንደማያነቡ ነገሩት። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወላጅ የሚፈራ ሰው ነበር እንጂ። ደረጃው ካርዱ ላይ ተጽፎ የለም ወይ፣ ታዲያ ቢነበብ ምን ለውጥ አለው ብሎ ጠየቃቸው።

«ካርዱን የሚያነበው ባለቤቱ ነው» አሉት። «እኔ ዓመቱን ሙሉ የአንዱን ወረቀት ለሌላው አሳይቼ አላውቅም። በመጨረሻው ቀን በድምፅ ማጉያ ላሳይ?»

«እንግዲያስ ድምፅ ማጉያ ይዘህ ምን ልትል ነው?»

«ካርዱ ላይ የሌለውን።»

ርዕሰ መምህሩ እንዳሻህ፣ ግን ወላጅ ቢያጉረመርም የከርሞ ክፍልህን እወስደዋለሁ አላቸው። በትምህርት ቤቱ ክፍል ያልተሰጠው መምህር መጻሕፍት ቤት ይመደባል፤ የተቀደደ ገጽ ሲለጥፍ ይውላል። ጋሽ ይጨርስ ደግሞ ከክፍል ሌላ የሚወዱት ቦታ አልነበራቸውም። ቢሆንም እሺ ብለው ወጡ።

በጣም የተናደደችው ልጃቸው ናት። ዘንድሮ ሦስተኛ እንደወጣች በራሷ ስሌት ደርሳበታለች። ያ ቁጥር በግቢው ሁሉ ፊት እንዲነበብላት ዓመቱን ሙሉ ለፍታለች፤ አባቷ በመሆናቸው ሊቀርባት ነው። ምግብ ላይ አኮረፈች። እናቷ ልታስታርቅ ብትሞክር፣ አባትየው ማዘን መብቷ ነው፣ ትዘን አሉ። ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም።

የመዝጊያው ቀን መጣ። አንደኛ የወጣው የባለ ልኳንዳው ልጅ ነበር። ባለ ልኳንዳው ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ፣ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሌሎቹ ክፍሎች ደረጃ ተነበበ፣ ተጨበጨበ። የጋሽ ይጨርስ ተራ ደረሰ። ባዶ እጃቸውን ቆሙ። የመጀመሪያውን ተማሪ ጠሩ፤ አንደኛውን ሳይሆን በር አጠገብ ያለው ዴስክ ላይ የሚቀመጠውን። ዓመቱን ሙሉ ካዩት አንድ ነገር ተናገሩለት። ቀጥለው ከጎኑ የምትቀመጠውን። እንዲህ እያሉ በመቀመጫቸው ተራ ይሄዱ ጀመር። ወላጆች ተያዩ። ሦስተኛው ልጅ ላይ ባለ ልኳንዳው ተነሣ።

«አስተማሪ፣ ይቅርታ» አለ። «እኔ ሥጋ ስሸጥ ሚዛኑን ወደ ገዢው አዙሬ ነው የማስቀምጠው። እርስዎ ሚዛኑን የት ደበቁት?»

ግቢው በሳቅ አወካ። ጋሽ ይጨርስ መዳፋቸውን ዘርግተው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ፣ ሚዛኑ የትም አልሄደም አሉት፤ በልጅዎ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ እቤት ገብተው ያዩታል፣ እንደሚያስደስትዎም አልጠራጠርም። «እኔ የምነግርዎ ሚዛን ላይ የማይወጣውን ነው። ልጅዎ አጠገቡ የተቀመጠው ሳይገባው ሲቀር መልሱን አይነግረውም። ጥያቄውን ቀስ ብሎ ደግሞ ያነብለታል። ይህን ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም። ከቤት ይዞት መጥቶ መሆን አለበት።»

ባለ ልኳንዳው ወንድሞቹን አየ፣ ተቀመጠ።

በዚያ ክፍል ሁለት ጊዜ የደገመች፣ ከሁሉም በቁመት የምትበልጥ ልጅ ነበረች። ልብስ አጣቢ እናቷ እንደ ሌላው ጊዜ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። የልጅቱ ተራ ሲደርስ ጋሽ ይጨርስ እንዲህ አሉ፦ በክፍላችን እግሩ የተሰበረ ዴስክ አለ። ማን እንደሚቀመጥበት ያየ ሰው ካለ አላውቅም። ሌላ ሰው እንዳይወድቅ ብላ ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠችበት እሷ ናት፤ በጉልበቷ ደግፋው ነው የጻፈችው። እናትየው ከበሩ አጠገብ ተነሥታ መጥታ መሐል ላይ ባዶ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ያጨበጨበ የለም። አግዳሚ የደበደበም የለም።

ለገዛ ልጃቸው ያሉት አጭር ነበር። «የተሳሳተችውን ስታጠፋ ወረቀቱ አይቀደድም» አሉ፤ አለፉ። ልጅቱ እንባዋ መጣ፤ ለሌላው ይህን ሁሉ አይተው ለኔ የላጲስ ነገር ብላ። ያ ቃል ምን ያህል እንደከበደ የገባት ራሷ አስተማሪ ሆና የሰው ልጅ ደብተር ላይ ቀይ እስክሪብቶ ስታነሣ ነው።

ወላጅ ከማጉረምረም አልቦዘነም። በመስከረም ክፍላቸው ተወሰደ፤ መጻሕፍት ቤት ገቡ። አንድም ቀን ቅሬታ ተንፍሰው አያውቁም። ሙጫና መቀስ ይዘው ገጽ ሲለጥፉ፣ መጽሐፍ ፈልጎ የሚመጣ ተማሪ የሚፈልገውን በትክክል እስኪናገር ይጠብቁት ነበር። ልጃቸው ግን በመስኮቱ አሻግራ ባየቻቸው ቁጥር አንጀቷ ይቃጠል ነበር። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የኮራችባቸው። ኩራቱ ከንዴቱ ጋር አብሮ ነው የመጣው።

ያስመለሳቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለ ልኳንዳው። ልጁ በስምንተኛ ክፍል ስድስተኛ ወጣ። ሌላ መምህር በድምፅ ማጉያው ስሙን ሲጠራ፣ ወትሮ አንደኛ የነበረ ልጅ ስድስተኛ ሆነ ተብሎ ከኋላ ተሳቀ። ልጁ ለከርሞ ትምህርት ቤት አልመለስም አለ። ባለ ልኳንዳው ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ፣ ያ ሚዛን የደበቀው ሰውዬ የታል፣ እሱን መልሱልን አለ። ሌሎችም ተከተሉት። ልብስ አጣቢዋም መጥታ ነበር፤ ቢሮው በር ላይ ቆማ ዋለች።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ይጨርስ ጡረታቸው እስኪቃረብ ድረስ በየዓመቱ በመዝጊያው ቀን እንደዚያው አደረጉ። የሳይንስ መምህሩ እኔም እንደ እሳቸው ብሎ ተነሥቶ፣ ለክፍሉ ተማሪ ሁሉ በየተራ «ጎበዝ ልጅ ነው» «ጎበዝ ልጅ ናት» ሲል ሰው በሳቅ ሞተ። እሳቸው አልሳቁም። ሲሞክር ነው ብለው ዝም አሰኙ። ለራሳቸው ግን ደንቡ ጥብቅ ነበር፦ ነገሩ በዓይናቸው ያዩት መሆን አለበት፤ ለሁለት ልጅ የሚሆን ቃል ለአንዱም አይሰጥም። በወረቀት አይጽፉትም። «ከጻፍኩት አነበዋለሁ፣ ካነበብኩት ፊታቸውን አላይም» ይሉ ነበር። አስቀድመውም ለማንም አይናገሩም፤ ለሚስታቸውም፣ ለልጃቸውም።

የሞቱት ለመዝጊያው ቀን ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀር ነው።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። ዛሬ ሽማግሌ የሆነው ባለ ልኳንዳ በልጁ ተደግፎ መጥቶ፣ ለማያውቀው ሁሉ የሚዛኑን ታሪክ በራሱ ላይ እየቀለደ ተረከ። ሲያወራ ማንም አላቋረጠውም። ረጅሟ ልጅም መጣች፤ ዛሬ የአናጢዎች ቡድን መሪ ናት፣ ሦስት ወንድ ሠራተኞቿን ይዛ ወንበር ስትደረድር ዋለች። ልጃቸው ማእዘን ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። አልቅሳለች፤ ነገር ግን ከልቅሶው በላይ የሆነ ሌላ ነገር ቀጥ አድርጎ አስቀምጧታል። የዚህ ሰው ልጅ መሆኗ።

ወደ ሥራ ስትመለስ አዲሷ ርዕሰ መምህርት ጠራቻት። የአባቷን ክፍል ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሊይዘው እንደሆነ፣ በመዝጊያው ቀን ለዘንድሮ ካርድ ብቻ ታድሎ እንደሚያልፍ በደግ አንደበት ነገረቻት። እሷ ግን ክፍሉን ለኔ ስጪኝ አለች። የራስሽ ሦስተኛ ክፍልስ ብትላት፣ ሰባተኛውን ከሰዓት በኋላ ባለኝ ጊዜ አደርሰዋለሁ አለች። ርዕሰ መምህርቷ ፈቀደች።

ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ልጆቹ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ሒሳቡ አላስቸገራትም። ያስቸገራት ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አንድ ቀጭን ልጅ ሁሉም ሲወጣ ወደኋላ ቀረ።

«ቲቸር፣ እሳቸው ስለኔ ምን ሊሉ ነበር?»

«አልነገሩኝም።»

«ለማንም?»

«ለማንም።»

ልጁ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ጥያቄው የእሱ ብቻ እንዳልነበረ ገባት። ክፍሉ በሙሉ ዓመቱን ሲጠብቀው የነበረ ቃል ሳይነገር ቀርቷል፤ ባለቃሉ የሉም።

እቤት ገብታ ለእናቷ አወራቻት። እናቷ ልብስ እያጠፈች ነበር። ምን ችግር አለው ልጄ፣ እሳቸው እንዲህ ብለው ነበር ብለሽ አንዳንድ ጥሩ ነገር ተናገሪላቸው፣ ማን ያውቃል፣ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል አለቻት። ምክሩ ከርኅራኄ ነው የመጣው፤ ልጅቱም ልቧ ሊወስደው ቃጥቶት ነበር። ቀላል ነው፤ ማንም አይደርስባትም።

«እማዬ፣ እሱ ያላለውን እንዳለ አድርጌ ከተናገርኩ አቋረጥኩት ማለት ነው» አለች።

እናቷ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «እንግዲያው ሥራሽን ጀምሪ» አለቻት። «ጊዜሽ አጭር ነው።»

ጀመረች። መምህርቷ በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ ሰው አይታ አታውቅም። በእረፍት ሰዓት ቢሮ መግባት ትታ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ውኃ ሲቀዳ ማን ተራውን ለማን እንደሚለቅ፣ ማን ሲሸነፍ እንዴት እንደሚሸነፍ ታያለች። ያ ቀጭን ልጅ የሰው እስክሪብቶ ሲዋስ መክደኛውን ሳይነክስ የሚመልስ ብቸኛው ሰው መሆኑን ደረሰችበት፤ በዚያ ቀን ሎተሪ የደረሳት ያህል ደስ ብሏት ዋለች። አንዳንዱን በአንድ ቀን አገኘችው፣ አንዳንዱ ሳምንት ፈጀባት። አባቷ ይህን ሁሉ በየዓመቱ፣ ሒሳብ እያስተማሩ፣ ሰው ሳያውቅባቸው ያደርጉት እንደነበር ስታስብ አንገቷ ቀና ይላል። ሰው ደግ ነበሩ ሲላቸው ትሰማለች። ደግነት ብቻ እንዳልነበረ፣ ከባድ ሥራ እንደነበረ አሁን ታውቃለች።

አንዲት ልጅ ግን አልያዝ አለቻት። ሦስተኛው ረድፍ መሐል ላይ ትቀመጣለች። ውጤቷ መካከለኛ ነው። አትረብሽም፣ አታረፍድም፣ ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ በእረፍት ሰዓት ከሁሉም ጋር ናት፣ ከማንም ጋር የለችም። መምህርቷ በተለይ እሷን ለማየት ስትል ብቻ ስንት ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጨዋ ናት የሚል ቃል ብቻ ነው የሚመጣላት፤ ያ ደግሞ ለግማሹ ክፍል የሚሆን ቃል ነው።

የመዝጊያው ቀን ደረሰ። ግቢው ሞልቷል። እናቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ርዕሰ መምህርቷም ከወላጆች መሐል። መምህርቷ እንደ አባቷ ያለ ወረቀት ቆመች። መጀመሪያ፣ አባቷ ስለነዚህ ልጆች ሊሉት ያሰቡትን እንደማታውቅ፣ የምትናገረው የራሷን እንደሆነ፣ ከእሳቸው ያነሰ ቢሆን ይቅር እንዲሏት ተናገረች። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ካለው ዴስክ ጀመረች።

ቀጭኑ ልጅ ስለ እስክሪብቶው ሲነገርለት ጆሮው ድረስ ቀላ፤ አባቱ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሲነካው ታየ። አንዲት አያት እውነቷን ነው፣ እቤትም እንደዚሁ ናት አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ሰው ሳቀ። መምህርቷ በየፊቱ ላይ ያየችው ነገር አንጀቷን ቅቤ አጠጣት። አባቷ በየዓመቱ የሚያዩት ይህን ነበር።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደረሰች። ያቺ አልያዝ ያለቻት ልጅ ተነሣች፤ አጠገቧ አክስቷ ተቀምጣለች።

«ያንቺን ገና አላገኘሁትም» አለቻት። «ላንቺ የማይሆን ቃል ደግሞ አልሰጥሽም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እኔ ነኝ ያልጨረስኩት።»

አክስቷ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ተነሥታ፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ የኛ ልጅ ብቻ ተለይታ ምንም የሌላት ሆና ነው ወይ ማለት ጀመረች። ልጅቷ ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«አክስቴ፣ ተይ እስቲ» አለች። «ገና እያዩኝ ነው።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። መምህርቷ እስከ መጨረሻው ዴስክ ድረስ ቀጠለች።

ሰው ሲበተን እናቷ ክንዷን ይዛ ከግቢው ወጣች። አስፋልቱን ሲሻገሩ እናቷ፣ አባትሽ ቢሆን ለዚያች ልጅም ቃል አያጣም ነበር አለች። መምህርቷ አልከፋትም። እውነት ነው፤ አያጡም ነበር። እንዲህ ያለ አባት የነበረው ሰው ስንት አለ ብላ አሰበች፤ ለእናቷም ይህንኑ ነገረቻት።

የሦስተኛው ረድፍ ልጅ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ክፍሏ ከግቢው ማዶ ነው። መምህርቷ በእረፍት ሰዓት ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ታልፋለች። ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። የልጅቷ ቃል እስከ ዛሬ አልተነገረም።